ሰውዬውን የሚቀልበው ማነው?

እናንተዬ፣ ወንድምና እህት ዕቃ ሊያመጡ ባንኮክ ድረስ አብረው ሄደው፣ አንድ ሆቴል አርፈው፣ ሦስት ቀን ሙሉ “እንዴት አደርሽ?” “እንዴት አደርክ?” ሳይባባሉ ቢከርሙ ምን ትላላችሁ? “ያማቸዋል እንዴ!” ብትሉ አልፈርድባችሁም። እኔና ታላቅ ወንድሜ ያደረግነው ግን ይህንኑ ነው። ጸባችን የገንዘብ አይደለም፤ የውርስም አይደለም። የተጣላነው እኛን ጨርሶ በማያውቀን፣ እኛም በቴሌቪዥንና በስልክ ካልሆነ በአካል አይተነው በማናውቅ አንድ ሰውዬ ነው።

ሰውዬው መሪ ነው። ስሙን አልጽፍላችሁም። ብጽፈው ግማሾቻችሁ ተናዳችሁ ወደ ስፖርቱ ገጽ ትገለብጣላችሁ፤ ግማሾቻችሁ ደግሞ “እሰይ!” ትላላችሁ፤ ሁለቱም አይጠቅመኝም። ወንድሜ ይወደዋል፤ እኔ ዓይኑን ማየት አልፈልግም። በቃ ይኸው ነው። በእናንተ ቤት የሰውዬው ስም ሌላ ሊሆን ይችላል።

ቤታችን በዚህ ሰውዬ ምክንያት ለሁለት ከተከፈለ ቆይቷል። ባለፈው ፋሲካ እናታችን ዶሮ ወጡን ያቀረበችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ለእሱ ጠዋት፣ ለእኔ ከሰዓት በኋላ። እንዳንገናኝ! ሱቁ ግን አባታችን ለሁለታችን የተወልን የጋራ ንብረት ነው። እናላችሁ፣ ዕቃ የምናመጣበት ጊዜ ሲደርስ እናቴ “አብራችሁ ካልሄዳችሁ ከእኔ እጅ አምስት ሳንቲም አትወጣም” አለች። ተንኮሏ ገብቶናል። ሌሊቱን ሙሉ በአውሮፕላን ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እሱ እንቅልፍ የወሰደው መሰለ፤ እኔም የወሰደኝ መሰልኩ።

ፕራቱናምን የልብስ ነጋዴ ሁሉ ያውቃታል። ሰው ለሰው ተጠጋግቶ የሚያልፍባት፣ ሸሚዝና ቲሸርት በደርዘን የሚሸጥባት የባንኮክ ሰፈር ናት። ቋንቋ አያስፈልግም፤ ሻጯ በካልኩሌተር ዋጋ ትጽፋለች፣ አንተ አጥፍተህ የራስህን ትጽፋለህ፣ እሷ እንደሞተባት ሰው ፊቷን ታጠቁራለች፣ ከዚያ ትስማማላችሁ። የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ቀን ቁርስ ላይ ወንድሜ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፎ የሰውዬውን ንግግር ለቀቀ። በዚያ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ!

“ቀንሰው” አልኩት።

“ጆሮሽን ድፈኚ” አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። እኔ “አንተ እኮ ሰውዬህ በጥፊ ቢመታህ ‘እጅህን አመመህ ወይ?’ ብለህ የምትጠይቅ ነህ” አልኩት። እሱ ደግሞ “አባታችን ይኼን ሳይሰማ መሞቱ ደግ ነው” አለኝ። አባታችንን ያነሳዋል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ሻዬን ትቼ ተነሳሁ። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ የዋጋ ቁጥር ካልሆነ በስተቀር በመካከላችን ቃል አልተለዋወጥንም።

በሦስተኛው የኩርፊያ ቀን ሻጮች ዘንድ ትቼው ወጣሁ። የት እንደምሄድ አላውቅም፤ ብቻ እግሬ ወሰደኝ። ቦዩን ተሻገርኩ፤ ጀልባዎቹ ከሥር ውሃውን እየሰነጠቁ ያልፋሉ። የባንኮክን ሙቀት ካላያችሁት አይገባችሁም፤ ውጭው ራሱ ድስት ክዳኑ ሲነሳ እንደሚወጣው እንፋሎት ነው። ሴንትራል ወርልድ የሚባለውን ግዙፍ የገበያ ሕንፃ አልፌ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። ከላይ በኮንክሪት ድልድይ ላይ ስካይ ትሬን የሚሉት ባቡር ይጮኻል። በሁለት ግዙፍ የገበያ አዳራሾች መሀል፣ የአንድ ቦርሳ ዋጋ የሱቃችንን የዓመት ኪራይ በሚያክልበት ጎዳና ላይ፣ አንድ ነጭ በር አየሁና ገባሁ።

ቦታው ዋት ፓቱም ዋናራም ይባላል። በታይኛ ዋት ገዳም ነው፤ ስሙ ደግሞ የሎተስ አበባ ጫካ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 ያሠሩት አራተኛው ራማ የሚባሉት ንጉሥ ናቸው፤ እሳቸው ራሳቸው ዙፋን ላይ ከመውጣታቸው በፊት 27 ዓመት የመነኮሱ ነበሩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ጫማችንን አውልቀን እንደምንገባበት እንደ እኛው ቤተ ክርስቲያን ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። እግርን ወደ ቡድሃው ሐውልት መዘርጋት ነውር ነው፤ ወደ ጎን አጥፎ መቀመጥ ነው። ከጀርባ በኩል ዛፍ የከበበው የማሰላሰያ አዳራሽ አለ። የገበያ አዳራሹ ሠራተኞች በምሳ ሰዓታቸው እየመጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። የባቡሩ ጩኸት እዚያም ይሰማል፤ ግን ርቆ።

እዚህ ግቢ ውስጥ የሆነውን ነገር አስቀድሜ አንብቤው ነበር። ታይላንዶች እንደ እኔና እንደ ወንድሜ በአንድ ሰውዬ የተጣሉ ሕዝብ ናቸው። ሰውዬው ከሰሜን የመጣ የስልክ ኩባንያ ባለጠጋ ነው። በ2001 ተመርጦ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ድሃው በ30 ባት እንዲታከም አደረገ፤ የገጠሩ ሰው እንደ አባት አየው። በ2003 ባካሄደው የአደንዛዥ ዕፅ ዘመቻ ደግሞ ከ2,000 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ተቃዋሚዎቹ “ሌባና አምባገነን” አሉት። በ2006 ወታደሩ አወረደው። ከዚያ አገሩ በሸሚዝ ቀለም ተከፈለ። ጠላቶቹ የንጉሡን የልደት ቀን፣ የሰኞን ቀለም፣ ቢጫ ለበሱ፤ በ2008 የባንኮክን አውሮፕላን ማረፊያ ለአንድ ሳምንት ያህል ዘጉት። ወዳጆቹ ቀይ ለበሱ፤ በ2010 እኔ የተሻገርኩትን መንገድ ሁሉ ለሳምንታት ይዘው ተቀመጡበት። ውጩ አረንጓዴ ውስጡ ቀይ የሆነ ወታደር ደግሞ “ሐብሐብ” የሚል ስም ወጣለት። እኛ ብቻ አይደለንም ቅጽል ስም የምናወጣው!

በግንቦት 19 ቀን 2010 ወታደሩ ሰልፉን በተነ። የሰልፉ መሪዎች እጃቸውን ሰጡ፤ ሕዝቡ ወደዚህ ገዳም ሮጦ ገባ፤ የሰላም ቀጠና ነው ተብሎ ነበርና። በዚያ ቀን እዚሁ ስድስት ሰዎች በጥይት ተገደሉ። ከመካከላቸው ቁስለኛ የሚረዱ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በ2013 የሞታቸውን ምክንያት የመረመረ ፍርድ ቤት ጥይቱ የመጣው ከወታደሮች ነው አለ፤ ከፊሎቹ የተኮሱት ከዚያው ከባቡሩ ሐዲድ ላይ ሆነው ነው። በዚያ ዓመት በሁለት ወር ውስጥ በአገሪቱ ከ90 በላይ ሰው አለቀ።

እኔ በምቀመጥበት ወለል ላይ ምንም ምልክት አላየሁም። የተጠረገ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው። ይህንን እያሰብኩ ዓይኔ ሳይረጥብ አልቀረም።

አንድ አረጋዊ መነኩሴ ከአዳራሹ ጠርዝ ተቀምጠው ያዩኛል። ሴት መነኩሴን መንካት አይፈቀድላትም፤ ራቅ ብዬ እጅ ነሳሁ። እንግሊዝኛ ይችላሉ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ እንደ ጨዋ ሰው፣ ለሰላምታ ያህል፣ “መሪያችሁ ደህና ነው?” አሉኝ።

ኧረ ባልጠየቁኝ! አሥር ደቂቃ ሙሉ አወረድኩት። መነኩሴው አላቋረጡኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

“ይህን ሁሉ ሰውዬው ሰምቶታል?”

“የት አግኝቶኝ!”

“ታዲያ ማን ሰማው?”

“ወንድሜ” አልኩ። ስለው ለራሴ አፈርኩ።

ታዲያላችሁ ያኔ ያጫወቱኝ ታሪክ ይህ ነው። አንድ ሰው ተናዶ ቡድሃ ዘንድ ይመጣና የስድብ መዓት ያወርድበታል። ቡድሃ ጸጥ ብሎ ሰምቶ፣ ቤትህ እንግዳ ይመጣል ወይ? ምግብ ታቀርባለህ ወይ? ብሎ ይጠይቀዋል። አዎ ይላል ሰውዬው። እንግዳው ባይበላውስ፣ ምግቡ የማን ይሆናል? የራሴ ነዋ! አለ። በቃ፣ እኔም ያቀረብክልኝን አልበላሁትም፣ ስድቡ ያንተው ነው ብሎ አሰናበተው።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ተናደድኩ። እንዲህ ያለውን ትምህርት የሚወዱት አሳዳጆች ናቸው፤ “ዝም በሉ፣ ፈገግ በሉ፣ ሁሉም ያልፋል” ለማለት ይመቻቸዋል። ይህንኑ ነገርኳቸው። “እኔ ዝም ብል ሰውዬው አሸነፈ ማለት አይደለም ወይ?” አልኳቸው። ደግሞ አፌ አላርፍ ብሎኝ “ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሕዝብ እዚሁ ግቢያችሁ ውስጥ ሰው አልገደለም ወይ?” አልኩ።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። በ1976 በዚህች ከተማ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪዎች ሲጨፈጨፉ፣ በዚያው ዓመት አንድ ስመ ጥር መነኩሴ ኮሚኒስት መግደል ኃጢአት አይደለም ብሎ ለመጽሔት ተናግሮ እንደነበር ራሳቸው ነገሩኝ። “ካባ ማንንም አያድንም” አሉ። “ቀይ የሚለብሰውም ቢጫ የሚለብሰውም ጠዋት ጠዋት ሩዝ ይሰጡኛል። እኔ ሁለቱንም በአንድ ሳህን እቀበላለሁ። እኔ መነኩሴ ስለሆንኩ መምረጥ አይፈቀድልኝም፤ አንቺ ግን ይፈቀድልሻል። ምረጪ፣ ተናገሪ፣ ጻፊ። እኔ የምጠይቅሽ ማንን እየቀለብሽ እንደሆነ ብቻ ነው።”

ከዚያ የኮሳምቢን ነገር አነሱ፤ እኔ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ይህ ነው። ኮሳምቢ በሰሜን ሕንድ የነበረች ከተማ ናት። የቡድሃ የራሱ መነኮሳት እዚያ ተጣሉ። በምን? በሽንት ቤት ውሃ! ስብከት አዋቂው መነኩሴ ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ በመታጠቢያው ዕቃ ጥቂት ውሃ አስቀርቶ ወጣ፤ ይህ በሥርዓታቸው ስህተት ነው። ሕግ አዋቂው መነኩሴ አየው። ፊት ለፊት፣ ሳታውቅ ካደረግከው ጥፋት የለብህም አለው። ዘወር ብሎ ግን ለተማሪዎቹ፣ ያ ሰው አጥፍቶ ማጥፋቱን እንኳ አያውቅም ብሎ አማው። ሐሜቱ ደረሰ። የዚህ ተማሪዎችና የዚያ ተማሪዎች ጎራ ለዩ። ከተማው ሁሉ ተከፈለ፤ ምግብ የሚያቀርቡላቸው ምዕመናን ሳይቀሩ ለሁለት ሆኑ። ቡድሃ ራሱ ሊያስታርቅ መጣ፤ አንተ አትግባበት፣ እኛው እንጨርሰዋለን አሉት። ለራሱ ለአስተማሪያቸው! እሱም ጥሏቸው ጫካ ገባ፤ ክረምቱን አንድ ዝሆን እያገለገለው ከረመ ይባላል።

ማን እንዳስታረቃቸው ታውቃላችሁ? የኮሳምቢ ምዕመናን ናቸው። ቡድሃ በእነዚህ ጠብ ወዳዶች ምክንያት መሄዱን ሲሰሙ ምግብ ማቅረብ አቆሙ። ድንጋይ አልወረወሩም፤ ስድብ አልተሳደቡም። ወጡን ከለከሏቸው፣ ሰላምታውን ከለከሏቸው። መነኮሳቱ ከሱ፤ ከዚያ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ።

የዚህ ተገላቢጦሽ ደግሞ በቅርቡ የሆነ ነው። ጎረቤት አገር በርማ ላይ በመስከረም 2007 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካና ወታደሮቹ መነኮሳትን ሲደበድቡ፣ መነኮሳቱ የምጽዋት ሳህናቸውን ገልብጠው ሰልፍ ወጡ። የጄኔራሎቹንና የቤተሰባቸውን ምጽዋት አንቀበልም ማለታቸው ነው። ምጽዋት መስጠት ለነፍስ ስንቅ መያዝ በሆነበት አገር ይህ ከውግዘት አይተናነስም። እና ጄኔራሎቹ ዝም አላሉም፤ ተኮሱ፣ አሰሩ። ሳህን መገልበጥ ዝምታ ቢሆን ኖሮ ማን ይተኩስበት ነበር? (እዚያው በርማ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌሎች መነኮሳት በሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ላይ ጥላቻ ሲሰብኩ ታዩ፤ ታይም መጽሔት በ2013 የአንዱን ፎቶ ሽፋን ላይ አወጣው። ይህንን የምጨምረው “ቡድሂስት ሁሉ መልአክ ነው” ብላችሁ እንዳትሄዱ ነው።)

እኔ ከዚያ ተነስቼ ሒሳቤን ሠራሁ። የማልወደውን ሰውዬ በቀን ስንት ጊዜ አየዋለሁ? ንግግሩን ከወንድሜ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። ቆርጬ ለጓደኞቼ የምልከው እኔ ነኝ። “እዩት ይኼን ጉደኛ!” እያልኩ ለመቶ ሰው የማሳየው እኔ ነኝ። ወንድሜ በፍቅር ይቀልበዋል፤ እኔ በንዴት እቀልበዋለሁ። ሰውዬው ደግሞ እንጀራው በየትኛው ወጥ እንደመጣለት ግድ የለውም፤ ይወፍራል።

መነኩሴው ሊነሱ ሲሉ “እሺ፣ በንዴቴ ምን ላድርግ?” አልኳቸው። ጠላትን መውደድ በእኛም ሃይማኖት ታዟል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እንዴት እንደሚወደድ ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አላሳየኝም፤ ወይም ሲያሳዩኝ እኔ አልሰማሁ ይሆናል። (አትሳሳቱ፣ ማተቤን አላወለቅኩም!) እሳቸው በአምስተኛው መቶ ዘመን በስሪላንካ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አለ አሉ፤ እዚያ ላይ ተራው ተቀምጧል። መጀመሪያ ለራስሽ ደግ ተመኚ። ቀጥሎ ለምትወጂው ሰው። ቀጥሎ ለማትወጂውም ለማትጠዪውም። ጠላት የመጨረሻ ነው። የተናደደ ሰው፣ ይላል መጽሐፉ፣ ሌላውን ለመምታት ፍም ወይም እበት በእጁ እንዳፈሰ ሰው ነው፤ አስቀድሞ የሚቃጠለውና የሚሸተው የራሱ እጅ ነው። “በሰውዬው እንዳትጀምሪ” አሉ መነኩሴው። “ጀማሪ ሸክም አንሺ መቶ ኪሎ ጆንያ አያነሳም። በወንድምሽ ጀምሪ። እምቢ ካለሽ ደግሞ መጽሐፉ የመጨረሻ መድኃኒት አለው። ስጦታ ስጪው።”

ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። ለራሴ መመኘት ይከብደኛል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ከበደኝ። እናቴን ሳስብ ቀለለኝ። ከዚያ የሆቴላችንን ዘበኛ አሰብኩ፤ እዚህ ግባ የሚባል ቅያሜም ፍቅርም የለንም። ከዚያ ወንድሜ።

ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ብስክሌት ሲያስተምረኝ ወድቄ ግንባሬ ተፈነከተ። ለብሶት የነበረውን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ቀዶ አሰረልኝ። ማታ አባታችን በሸሚዙ ምክንያት ገረፈው። “እሷ ነች አልይዝም ያለችኝ” ማለት ይችል ነበር፤ እውነትም ነበር። አላለም። ይህንን ነገር ለስንት ዓመት ረስቼው ነበር። ባንኮክ ላይ፣ ሸሚዝ በደርዘን ልገዛ መጥቼ፣ ያ ሸሚዝ ትዝ አለኝ።

ሰውዬውንም ሞከርኩት፤ አልዋሻችሁም። እናቱ ጭን ላይ የተኛ ሕፃን አድርጌ ላስበው ፈለግኩ። ሕፃኑ ማይክሮፎን ይዞ መጣብኝ። እስከ ዛሬም አልቻልኩም። አሁንም እቃወመዋለሁ፤ ድምፄንም አልሰጠውም። ንግግሩን ግን ለማንም አልልክም። ፖለቲካ ለማውራት ስፈልግ ስለ ስኳር ዋጋ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ታሰረው የጎረቤታችን ልጅ አወራለሁ፤ ስለ እሱ ፊት አይደለም። እናንተም ገበታ ላይ ስልክ ሲነሳ “ይህ ሰውዬ እዚህ ተጋብዟል?” ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ቤት እየሠራ ነው፤ ሁልጊዜ ባይሆንም።

ወደ ፕራቱናም ስመለስ መንገድ ዳር ሩዝ በማንጎ የምትሸጥ ሴት አገኘሁ። በኮኮናት ወተት የተለወሰ የሚጣበቅ ሩዝ ነው፤ ከጎኑ ማንጎ ይቆራረጥበታል፤ ከላይ ሌላ የኮኮናት ወተት ይፈስበታል። አንድ ገዛሁ። ሁለት ብገዛ እሽኮለኮልኩ እንዳይመስለኝ ነው።

ወንድሜ ከካልኩሌተሩ ሴትዮ ጋር ጦርነት ላይ ነው። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አየው። አየኝ።

“ምንድን ነው?”

“ሩዝ ነው። በማንጎ።”

“ሩዝ በማንጎ ይበላል እንዴ?” አለ፤ በላው ግን። ግማሹን ሲያጋምስ ማንኪያውን ወደ እኔ አዞረ። በላሁ። ሴትዮዋ ሁለታችንንም እያየች ዋጋዋን አሥር ባት ቀነሰች፤ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ወደ ሆቴል ስንሄድ ጥቅሎቹን ተሸክሞ ከፊቴ እየሄደ፣ ሳይዞር፣ “ዛሬ ማታ ንግግር አለው” አለ።

“አውቃለሁ” አልኩ።

ኪሱን ዳበሰና አንድ ትንሽ ጥቅል ወደ ኋላ አሳየኝ። “ኢርፎን ገዛሁ።”

“በስንት?”

“በሁለት መቶ ባት።”

“ተበላህ!” አልኩት።